የሌሊት ሥራ በቀን አይፈተሽም

ለክፍለ ከተማችን የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ጥቅምት ላይ ቢሮዎ መጥቼ ዳቦ ቤት ውስጥ ሌሊት ስለሚሠራ አንድ ተማሪዬ ማመልከቻ አስገባሁ። ኅዳር ላይ ተመልሼ ጠየቅሁ፤ «እየታየ ነው» ተባልኩ። ታኅሣሥ ላይ ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፍኩ። መዝገብ ቤት ማኅተም መትቶ ተቀብሎኛል፤ ቅጂው እጄ ላይ አለ። እስከ ዛሬ አንድ መስመር የጽሑፍ መልስ አላገኘሁም። ስለዚህ ሦስተኛውን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እያየው እጽፍልዎታለሁ።

የማታ ተማሪዎች አስተማሪ ነኝ። 8ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ አንዱ 16 ዓመቱ ነው፤ ስሙን አልጠራም። ከክፍል የሚወጣው ማታ 2፡30 ነው። 3 ሰዓት ላይ ዳቦ ቤት ገብቶ ጠዋት 1 ሰዓት ይወጣል። ዐሥር ሰዓት ሙሉ ሊጥ ሲያቦካ፣ ዱቄት ሲሸከም፣ ላሜራ ምድጃ ውስጥ ሲያስገባና ሲያወጣ ያድራል። ቀን የሚተኛው እዚያው ጓዳ ውስጥ፣ የዱቄት ጆንያ ላይ ነው።

ነገሩ የገባኝ ክንዱን ሳይ ነው። ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ እንዲሠራ ጠራሁት። እጁን ከፍ ሲያደርግ እጅጌው ሸሸ። ከእጅ አንጓው እስከ ክርኑ የቃጠሎ መስመሮች ተደርድረዋል። አንዳንዱ ጠቁሯል፣ አንዳንዱ ገና ቀይ ነው፣ አንዱ ውሃ ቋጥሯል። የላሜራው ጠርዝ ነው እንዲህ የሚያደርገው። «ጓንት የላችሁም?» አልኩት። «ጨርቅ አለ ቲቸር። ሲረጥብ ነው የሚያቃጥለው» አለኝ። ከዚያ ጥያቄውን በትክክል ሠርቶ ተቀመጠ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ደብተሩ ላይ ተደፍቶ እንቅልፍ ወሰደው። አልቀሰቀስኩትም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ያለው ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሥራ ላይ አይመደብም። ትርፍ ሰዓት፣ የሳምንት ዕረፍት ቀን፣ የሕዝብ በዓል፣ ሁሉም ተከልክሏል። ይህ ልጅ የገናን ሌሊት ምድጃ ሥር ነው ያደረው።

ልጁ ሥራ ይከልከል አላልኩም። በወር ከሚያገኛት 4,000 ብር ላይ ገጠር ላለችው እናቱ ይልካል። ሕጉም በ16 ዓመቱ አትሥራ አይለውም። በቀን፣ በሰባት ሰዓት ልክ፣ ክንዱ ሳይቃጠል ይሥራ ነው የምለው።

ቢሮዎ ስመጣ ሦስት ጥያቄ ተጠየቅሁ። «ውል አለው ወይ?» የለውም። ግን ውል በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የፈረመበት ደብዳቤ ለሠራተኛው መስጠት አለበት፤ ደብዳቤው ላይም የሠራተኛው ዕድሜ ይገለጻል። ይህን ሳያደርግ ቢቀር ሠራተኛው መብቱን አያጣም። ጥፋቱ የአሠሪው ሆኖ ሳለ ለምን ልጁ ይጠየቅበታል? «መታወቂያ አለው ወይ?» የለውም። የትምህርት ቤት መዝገቡ ላይ የልደት ዘመኑ አለ፤ ኮፒውን አያይዤ ነበር። «ራሱ ለምን አይመጣም?» ቢሮው ክፍት በሚሆንበት ሰዓት እንቅልፍ ላይ ስለሆነ ነው።

ጥር ላይ ተቆጣጣሪ ልካችኋል። ለዚያ አመሰግናለሁ ማለት ፈልጌ ነበር፤ ግን አልቻልኩም። ሰውየው የሄደው ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ዳቦ ቤቱ ውስጥ ያሉት ገንዘብ ተቀባይና ሁለት ሻጮች ናቸው። ምድጃው ቀዝቅዟል፣ ማቡኪያው ታጥቧል። ልጆቹ ከኋላ ተኝተዋል። ሪፖርቱን ከሠራተኞችዎ አንዱ አንብቦልኛል፦ በድርጅቱ ወጣት ሠራተኛ አልተገኘም።

እኔ የጻፍኩት ስለ ሌሊት ሥራ ነው። ሰዓቱን፣ በሩን፣ የሚገቡበትን ቅያስ ሳይቀር ጽፌያለሁ። አዋጁ ለተቆጣጣሪው በማንኛውም የሥራ ሰዓት፣ ቀድሞ ሳያሳውቅ የመግባት ሥልጣን ሰጥቶታል። የዳቦ ቤት የሥራ ሰዓት ሌሊት ነው። ሌሊት የሚሠራ ልጅን ጠዋት ሄዶ «አጣሁት» ማለት ምን ዓይነት ቁጥጥር ነው?

ከዚህ የባሰው ደግሞ ቀጥሎ የመጣው ነው። ተቆጣጣሪው ለባለቤቱ «ከማታ ትምህርት ቤት ጥቆማ ደርሶን ነው» ብሎ ነግሮታል። ጥቆማ የሰጠውን ሰው መግለጽ፣ ፍተሻው በጥቆማ የመጣ መሆኑን ለአሠሪው ፍንጭ መስጠት እንኳ በዚያው አዋጅ የተከለከለ ነው። ባለቤቱ ብዙ መመራመር አላስፈለገውም። ከሠራተኞቹ የማታ ትምህርት የሚማረው አንድ ልጅ ብቻ ነው።

በዚያው ማታ አባረረው። የ22 ቀን ደመወዙንም ከለከለው።

በማግስቱ ልጁ ክፍል መጣ። ልብሱን በፌስታል ይዟል። ሌሎቹ እስኪወጡ ጠብቆ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመ። «ቲቸር፣ እባክዎን ሁለተኛ አይጻፉልኝ» አለኝ። ቁጣ የለበትም፣ በልመና ነው ያለኝ። እኔ ነኝ ያስባረርኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። አሁን የክፍል ጓደኛው ቤት ተጠግቶ፣ ቀን ቀን የተገኘውን እየተሸከመ ነው። ትምህርቱን ግን አላቋረጠም።

ልመናውን አልሰማሁለትም፤ ምክንያቱም እዚያ ዳቦ ቤት ሌሎች ሁለት ልጆች ቀርተዋል። አንደኛው 14 ዓመቱ እንደሆነ ተማሪዬ ነግሮኛል። ይህን የካቲት ላይ ቢሮዎ መጥቼ በቃል አስታውቄያለሁ። የሰማኝ ሰው ማስታወሻ እንኳ አልያዘም።

የልጁ የ22 ቀን ደመወዝ ይከፈለው። ጥቆማውን ለባለቤቱ የነገረው ተቆጣጣሪ ይጠየቅ። ዳቦ ቤቱ በሥራ ሰዓቱ ይፈተሽ።

ከቢሮዎ እስከዚያ በእግር 15 ደቂቃ ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ቢሄዱ ሁሉንም ሥራ ላይ ያገኟቸዋል። የፊቱ በር ዝግ ነው፤ በጎን ባለው ቅያስ ገብተው የብረቱን በር ማንኳኳት ነው። ጠንከር አድርገው ያንኳኩ፤ ማቡኪያው ሲሠራ ከውስጥ አይሰማም።

የማታ ትምህርት መምህር