ለወላጆች፦ ስለ ስሜት ህዋሳት ቅንጅት ሕክምና

ውድ አባላት፣ ጤና ይስጥልን።

ልጃችሁ የወፍጮ ድምፅ ሲሰማ ጆሮውን ለምን እንደሚደፍን፣ የሸሚዙ ስፌት አንገቱን ሲነካው ለምን እንደሚያለቅስ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችኋል። በኦኩፔሽናል ቴራፒ (የዕለት ተዕለት ተግባራትን ለማከናወን በሚረዳው ሕክምና) ውስጥ ለዚህ ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ የስሜት ህዋሳት ቅንጅት ሕክምና ነው፤ ይህም አንጎል ከስሜት ህዋሳት የሚደርሰውን መረጃ አቀናጅቶ እንዲጠቀም በጨዋታ የሚያለማምድ ነው። መሠረቱን የጣሉት አሜሪካዊቷ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያ ጂን ኤይርስ ከማየትና ከመስማት ባሻገር በሦስት ስሜቶች ላይ አተኮሩ፦ የመዳሰስ ስሜት፣ በውስጠኛው ጆሮ ያለው የሚዛን ስሜት፣ እንዲሁም ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ የሚመጣው የአካል ስሜት።

በሕክምናው ክፍል ልጁ ዥዋዥዌ ይጫወታል፣ ከባድ ትራስ ይገፋል፣ ይንጠላጠላል። ተራ ጨዋታ ይመስላል፤ ነገር ግን ባለሙያዋ እያንዳንዱን እርምጃ በልጁ አቅም ልክ፣ ከለመደው ጥቂት ከፍ አድርጋ ታዘጋጃለች። ፊቱ ከገረጣ ወይም ካላበው ወዲያው ታቆማለች። ይህን የማታይ ባለሙያ ካጋጠመቻችሁ ዝም አትበሉ።

ተስፋ የሚሸጡ ብዙ ናቸውና አንድ ነገር በግልጽ እንነጋገር። በ2012 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ የዚህ ሕክምና ማስረጃ ውስን መሆኑ ለወላጆች እንዲነገር መክሯል። ከዚያ ወዲህ ኦቲዝም ባላቸው ልጆች ላይ የተደረጉ አንዳንድ ጥናቶች ተስፋ ሰጪ ውጤት አሳይተዋል፤ ለሁሉም ይሠራል ማለት ግን አይደለም። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት የሚለካ ግብ አስቀምጡ፦ «ይሻለዋል» ሳይሆን «ፀጉሩን ሳያለቅስ ይታጠባል» የሚል። ለውጡን በየሳምንቱ መዝግቡ።

ልጆችን ያረጋጋል ተብሎ የሚሸጠው ክብደት ያለው ብርድ ልብስም ለሕፃናት አደገኛ ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ሳታማክሩ አትግዙ።