የአቪዬሽን ክበብ፦ ሳናበርር ያሳለፍነው ዓመት

ክበባችን ዘንድሮ አንድም ነገር አላበረረም። ተማሪዎቹ መስከረም ላይ ሲመዘገቡ የጠበቁት ድሮን ነበር፤ ያገኙት ሽቦና ፒንሳ ነው። ጥቂቶቹ ቅር ብሏቸው ወደ ድራማ ክበብ ሄዱ። አልፈርድባቸውም።

የዓመቱ ርዕስ የጥገና ስህተት ትንንሽ አውሮፕላኖችን እንዴት እንደሚጥል ነበር። ረጅም ጊዜ የወሰደብን እ.ኤ.አ. በጥር 2003 አሜሪካ፣ ሻርሎት ላይ የተከሰከሰችው ቢችክራፍት 1900ዲ ናት። 19 መንገደኛ የምትጭን ናት። ከአደጋው ሁለት ሌሊት ቀደም ብሎ የጅራቷ ኬብል ተስተካክሎ ነበር። መካኒኩ ይህን ሥራ በዚህ ዓይነት አውሮፕላን ላይ ሠርቶ አያውቅም። አሠልጣኙ አጠገቡ ነበር፤ ሥራውን መርምሮ የሚፈርመውም ያው አሠልጣኙ ነው። ከመመሪያው የተወሰኑ ደረጃዎች ተዘለሉ። አፍንጫዋን ዝቅ የሚያደርገው የጅራት ክፍል እንደ ልቡ መንቀሳቀስ አቃተው። ቀላል ጭነት ይዛ ስትበር ማንም ልብ አላለም። ጭነቱ ከልክ አልፎ ክብደቱ ወደ ኋላ ባደላበት ቀን ግን እንደተነሳች አፍንጫዋ ሽቅብ ሄደ፤ አልመለስ አለ። 21 ሰዎች ሞቱ።

ልጆቹ «መካኒኩ ሰነፍ ነው» ብለው ሊገላገሉ ነበር። ከዚያ እ.ኤ.አ. የ1991ዱን የቴክሳስ አደጋ አነበብን። የማታው ፈረቃ ከኤምብራየር 120 አውሮፕላን ጅራት ላይ ብሎኖች ፈታ፤ የሌሊቱ ፈረቃ ተረከበ። ርክክቡ በደንብ አልተጻፈም። በግራ በኩል 47 ብሎን ሳይታሰር አውሮፕላኑ በማግስቱ በረረ፤ 14 ሰዎች አለቁ። እዚህ ላይ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ «ታዲያ ጥፋተኛው የትኛው ፈረቃ ነው?» ብላ ጠየቀች። ክርክሩ ደወል ከተደወለ በኋላም ቀጠለ። እኔ በበኩሌ ጥያቄው ራሱ መቀየር ነበረበት ባይ ነኝ። ሁለቱም ፈረቃ ሲሠራ ነው ያደረው።

በኮምፔንሳቶ የሠራነው ክንፍ ደግሞ የራሱ ጉድ ነበረው። የክንፉን ተንቀሳቃሽ ክፍል ከመሪው ዱላ ጋር የሚያገናኙትን ሁለት ገመዶች ሆን ብዬ አቀያይሬ አሰርኳቸው። ልጆቹ ዱላውን ወዲያ ወዲህ አሉና «ይሠራል» ብለው ፈረሙ። እውነትም ይንቀሳቀሳል፤ በተቃራኒው ነው እንጂ። በቀላል አውሮፕላኖች ላይም ከጥገና በኋላ የኤይለሮን (አውሮፕላኑን ወደ ጎን የሚያጋድለው ተንቀሳቃሽ የክንፍ ክፍል) ኬብል ተገልብጦ ታስሮ ያውቃል። መፈተሻው ቀላል ነው። ዱላውን ጨብጦ አውራ ጣትን ወደ ላይ መቀሰር ነው። ዱላው ሲጋደል ጣቱ በሚያመለክተው ክንፍ ላይ ያለው ኤይለሮን ከፍ ማለት አለበት። አሁን ልጆቹ ካፌ ውስጥ ሳይቀር ጣታቸውን ቀስረው ይታያሉ።

ብሎን እንዳይላላ በሽቦ ማሰሩ ትዕግስት ይጠይቃል። ሽቦው ብሎኑን ወደሚጠብቅበት አቅጣጫ መሳብ አለበት፤ ወደሚላላበት ከሳበ መኖሩ ዋጋ የለውም። እንደ ውፍረቱ ቢለያይም በአንድ ኢንች ከ6 እስከ 8 ጊዜ መጠምዘዝ የተለመደ ነው። ከሁሉም ያማረው የ9ኛ ክፍሎቹ ሥራ ነው፤ ቤተ ሙከራ መስኮት ላይ ተሰቅሏል።

የወላጆች ቀን ዝግጅታችን ግን ዝናብ ስላበላሸው ብዙም የሚወራለት አይደለም።

ለከርሞ ስለ ነዳጅ እንማራለን፤ በተለይ ታንከር ውስጥ ስለሚገባ ውሃ። የብሎን ጥብቀት የሚለካ የቶርክ ቁልፍ ግን የለንም። ጋራዥ ያላችሁ ወላጆች ያገለገለ ካላችሁ፣ ፊዚክስ ክፍል ብቅ በሉ።