ብስክሌት ለብቻ መንዳት ወይስ ከክለቡ ጋር?

ውድ አባላት፣ እንደምን ከረማችሁ። «ክለብ ከምገባ ብቻዬን ብነዳ አይሻልም?» ለሚሏችሁ ሰዎች እውነቱን ንገሯቸው።

ከጎንደር ፒያሳ አዘዞ ደርሶ ለመመለስ ክለብ አያስፈልግም። በተመቸው ሰዓት ወጥቶ ቡናውን በፈለገበት መጠጣት የሚወድ ሰው ብቻውን ቢነዳ ምንም አይጎድልበትም። ወደ ኮሶዬ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጎንደር ራሷ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ መንገዱ ደግሞ ከዚያም ይወጣል፤ ጎማ ቢተነፍስ ጎሚስታ በቅርብ አይገኝም። ነፋስ ሲገጥም ከፊት ያለውን ተጠግቶ የሚነዳ ጉልበቱን ይቆጥባል፣ መሪነቱንም በየተራ መቀባበል ይቻላል። ይህ ግን ዋጋ ያስከፍላል፦ የፊተኛው ድንገት ፍሬን ከያዘ መጋጨት ሊመጣ ይችላል። በእጅ ምልክት መግባባት ግዴታ ነው።

ጎበዞቻችን አዲስ ሰው ዳገት ላይ ጥለው መሄድ ይወዳሉ (ራሳችሁን ታውቃላችሁ)። እንዲያ ከሆነ ሰውየው ብቻውን ቢነዳ አልፈርድበትም። ከእንግዲህ ዳገቱ ጫፍ ላይ የመጨረሻው ሰው እስኪደርስ ይጠበቃል። አዲስ መጪ ጥቂት ጊዜ አብሮን ነድቶ ይወስን፤ እስከዚያ መዋጮ አይጠየቅም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በ3፡00 ሰዓት፣ ፋሲል ግቢ በር ላይ እንገናኝ። ፓምፕ ያላችሁ ያዙ።