ሁለቱን አትለያዪአቸው

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ዕቃውን እየሸከፈች ነው፤ ወደ አነስተኛው ቤት ልንገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶናል። ባለፈው እሁድ በስልክ «አባዬ፣ ከአሮጌዎቹ ቀጫጭን የእንግሊዝ ጽሑፎችህ የፊልዲንግን አስቀርተህ ሌላውን ሽጠው፤ ቦታ የለህም» ስትዪኝ ዝም አልኩ። የተቀየምኩ እንዳይመስልሽ። የምመልስልሽ ነገር ረጅም ስለነበር ነው። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፍልሻለሁ።)

አስተርጓሚ ሆኜ ፍርድ ቤት በምመላለስበት ዘመን፣ አንድ ቀን ችሎቱ ለከሰዓት ተላለፈና በአቅራቢያው ወዳለ የአሮጌ መጻሕፍት መሸጫ ገባሁ። በአንድ ካርቶን ውስጥ ሽፋን የሌለው፣ ጀርባው በክር ብቻ የተሰፋ ፓምፍሌት፣ ማለት ቀጭን የታተመ ጽሑፍ፣ አገኘሁ። የእኔ ትውልድ ይህን ቃል በሌላ ምክንያት ያውቀዋል፤ በተማሪነታችን ከእጅ ወደ እጅ የምናስተላልፈው ነበር። ይህኛው ግን በለንደን የነበረው የኒውጌት እስር ቤት ቄስ ያሳተመው ነው። በለንደኑ የስቅላት ቦታ በታይበርን የተሰቀሉት ሰዎች የት እንደተወለዱ፣ ምን ሙያ እንደተማሩ፣ በመጨረሻ ሰዓታቸው ምን እንደተናዘዙ ይተርካል። አሳትሞ የመሸጡ ጥቅም የቄሱ ነበር። ቆሜ እያነበብኩ ሳለ አንድ ነገር ያዘኝ፤ ሟቹ የሚናገረው በቄሱ ቃል ነው። እኔም ኑሮዬ የሌላውን ሰው ቃል በራሴ አፍ ማውጣት ነበር። አንዲት ቃል ባጎድል የሚጎዳው ደግሞ እኔ አይደለሁም። ገዛሁት።

ከዚያ ወዲያ የዚያን ዘመን የእንግሊዝ ሕግ ማጥናት ግድ ሆነብኝ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ በሞት የሚያስቀጡት ወንጀሎች ከ200 በላይ ደርሰው ነበር። ከመኖሪያ ቤት 40 ሺሊንግ የሚያወጣ ዕቃ የሰረቀ ይሰቀላል። ስለዚህ ጁሪ፣ ማለት ጥፋተኛ ነው አይደለም ብለው የሚወስኑ ተራ ዜጎች፣ ሆነው የተቀመጡት ሰዎች ተከሳሹ ሲያሳዝናቸው የተሰረቀውን ዕቃ «39 ሺሊንግ» ብለው ይገምቱለት ነበር። በለንደኑ ፍርድ ቤት በኦልድ ቤይሊ የችሎት ዘገባዎች ውስጥ ያቺን 39 ባየኋት ቁጥር የእነዚያን ሰዎች ልብ ያየሁ ይመስለኛል። በልጅነትሽ ከእናትሽ ጋር የደገምሽው መዝሙረ ዳዊት 50ም «አቤቱ፥ እንደ ቸርነትህ መጠን ማረኝ» የሚለው፣ በዚያ አገር ታሪክ አለው። እነሱ 51 ብለው ነው የሚቆጥሩት። ለአንዳንድ ወንጀሎች፣ ማንበብ የሚችል ጥፋተኛ በችሎት ፊት ይህን አንብቦ ከገመድ ይተርፍ ስለነበር «የአንገት ጥቅስ» ይሉት ነበር። የንባቡ ፈተና የቀረው በ1706 ነው።

አሁን ወደ ፊልዲንግ ልምጣ። ኤልዛቤት ካኒንግ የምትባል የ18 ዓመት የቤት ሠራተኛ በ1753 ጃንዩወሪ 1 ቀን ለንደን ውስጥ ጠፋች። ከ28 ቀን በኋላ ከስታና ተጎሳቁላ እናቷ ቤት ደረሰች። ሁለት ወንዶች ይዘው ኤንፊልድ ዋሽ ወደሚባል ስፍራ ወሰዱኝ፤ አንዲት አሮጊት የወገብ ማጥበቂያዬን ቆርጣ ወሰደችብኝ፤ ቆጥ ላይ ዘግተውብኝ በዳቦና በውኃ ቆየሁ አለች። ሜሪ ስኳየርስ የምትባል ጂፕሲ አሮጊት በዚህ ሞት ተፈረደባት። የቤቱ ባለቤት ሱዛና ዌልስ አውራ ጣቷን በጋለ ብረት ተተኮሰች። ውጭ የተሰበሰበው ሕዝብ ለእነሱ የሚመሰክሩትን ሰዎች እያስፈራራ እንዳይገቡ ከልክሎ ነበር።

በችሎቱ የተቀመጠው የከተማው ከንቲባ ክሪስፕ ጋስኮይን ግን ልቡ አላረፈለትም። ሰው ልኮ አጣራ። ስኳየርስ በዚያ ሰሞን ከለንደን ርቃ፣ ዶርሴት ውስጥ አቦትስበሪ በሚባል መንደር እንደነበረች የሚመሰክሩ ሰዎች ተገኙ፤ ምሕረትም ተደረገላት። አገሩ ለሁለት ተከፈለ። የከንቲባውን ወገኖች «ግብፃውያን» ይሏቸው ነበር፤ ጂፕሲ የሚለው ስም ራሱ ከግብፅ የመጣ ነውና። በዚህ መሀል ነው ፓምፍሌቶቹ እንደ ክረምት ዝናብ የወረዱት።

ሄንሪ ፊልዲንግ ልብ ወለድ ጸሐፊ ብቻ ሳይሆን ለንደን ውስጥ የቦው ስትሪት ዳኛም ነበር፤ ፓምፍሌቱን የጻፈው ለካኒንግ ቆሞ ነው። ቨርቹ ሆል የምትባል በዌልስ ቤት የምትኖር ወጣት ፊቱ ቀርባ ቃሏ ሲምታታበት «ወደ እስር ቤት እልክሻለሁ» አላት። እሷም እውነቱን እናገራለሁ ብላ ካኒንግ ያለችውን ደገመች። ቃሏን በጽሑፍ ያሰፈረው ደግሞ የካኒንግ የሕግ ጉዳይ አስፈጻሚ ነው። ልጄ፣ ይህን ሁሉ የነገረን ተቃዋሚው እንዳይመስልሽ፤ ራሱ ፊልዲንግ ነው፣ በፓምፍሌቱ፣ ምንም ሳይሸሽግ፣ ትክክል ሠርቻለሁ ብሎ። ይህን ገጽ መጀመሪያ ያነበብኩ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እንዲህ የተጠየቀ ሰው ምን ብሎ እንደሚመልስ ከሥራዬ አውቃለሁ።

ሆል በኋላ ከንቲባው ፊት ቃሏን ካደች። ጆን ሂል የሚባል ጸሐፊ በዚያው ዓመት ለፊልዲንግ የጻፈው የመልስ ፓምፍሌት ይህንኑ ይዞ ነው የሚነሣው፦ በፍርሃት የተገኘ ምስክርነት ምን ዋጋ አለው? ጥያቄው ትክክል ነው። ነገር ግን ሂል ከፊልዲንግ ጋር አስቀድሞ በጋዜጣ ተጣልቶ ስለነበር፣ ለብቻው ቢነበብ ቂም ብቻ ይመስላል። ፊልዲንግም ለብቻው ቢነበብ ለተበደለች ልጅ የቆመ ደግ ዳኛ ብቻ ነው። ካኒንግ በ1754 በሐሰት ምላ መስክራለች ተብላ ለሰባት ዓመት ወደ አሜሪካ ተጋዘች፤ በ1773 እዚያው ኮነቲከት ውስጥ ሞተች። ያን ወር የት እንደቆየች እስከ ዛሬ አልታወቀም።

የእኔ ፊልዲንግ ጠርዙ የተበላ ሁለተኛ እትም ነው። ብዙ ገንዘብ አያወጣም። ለብቻው ግን ገዢ አያጣም፤ ስሙ ይሸጠዋል። ሂልን የሚጠይቅ አይኖርም። ለዚህ ነው አትሽጪ የምልሽ።

ስለ አያያዙ ጥቂት ልንገርሽ። በማጣበቂያ ፕላስቲክ እንዳትጠግኚው፤ ወረቀቱን ያበላሻል። ወረቀቱ ከጨርቅ ቁራጭ የተሠራ ስለሆነ ከጋዜጣ ይልቅ ይበረታል፤ ወደ ብርሃን ብታነሺው ወረቀቱ የተሠራበት ወንፊት መስመሮች ይታዩሻል። ቅጠል መጉደሉን ለማወቅ የገጹን ግርጌ ተመልከቺ፤ በስተቀኝ ለብቻዋ የተጻፈችው ቃል የሚቀጥለው ገጽ መጀመሪያ ናት። ካልገጠመች ከመሀል የወጣ አለ። «ኤፍ» የሚመስለው ፊደል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ «ኤስ» ነው፤ እኔን ብዙ ወር አስቸግሮኛል።

ቅዳሜ መኪናውን ይዘሽ ስትመጪ ግራጫውን ሳጥን መጀመሪያ አውጪው። የቄሱን ፓምፍሌቶች ከፈለግሽ ለመጽሐፍ መሸጫው ልንሰጥ እንችላለን፤ በዚያ አልከራከርሽም። ፊልዲንግና ሂል ግን በአንድ ፖስታ ውስጥ ናቸው፣ ሂል ከኋላ ነው። ፖስታውን እንዳለ ውሰጂው።

አባትሽ