ልጃችሁን ስትልኩ ስልኩን ማን እንደያዘው ጠይቁ

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ እኔ የጨንቻ ልጅ ነኝ፣ ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ እየሸጥኩ ነው የምኖረው። አሁን የምጽፈው መስቀል ስለደረሰ ነው፣ ለኛ ለጋሞዎች መስቀል ማለት አዲስ አበባ ያለው ሁሉ አገር ቤት የሚገባበት ነው፣ ሲመለስ ደሞ ልጅ ይዞ የሚመለስ አለ።

ወላጅ ለልጁ የሚፈራው የማያውቀውን ሰው ነው፣ ልጁን የሚወስደው ግን የጎረቤት ልጅ ወይ የአጎት ልጅ ነው፣ አዲስ ጃኬት ለብሶ ስኳር ይዞ መጥቶ "ቀን ትምህርት ቤት አስገባዋለሁ፣ ማታ ሽመና አስተምረዋለሁ" ይላል፣ እናትም ታምናለች፣ ለምን አታምን?

አምና ጥለት ላመጣ አንድ ቤት ገብቼ አስር አመት የማይሞላው ልጅ አየሁ። ከምሽቱ ሶስት ሰዓት ነው፣ እግሩን የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ከቶ መርገጫው ላይ በጣቱ ጫፍ ነው የሚደርሰው። እኔ ቆሜ እያለሁ እናቱ ደወለች፣ አሰሪው ስፒከር አድርጎ ስልኩን እራሱ ያዘለት፣ ልጁም መወርወሪያውን ሳያስቀምጥ "ደህና ነኝ እማዬ፣ እየተማርኩ ነው" አላት። ሰውየው የኛው አገር ሰው ነው፣ ልጁ በጋሞኛ ሹክ ልበል ቢል እንኳን ይሰማዋል። እናትየው "ተመስገን" ስትል ሰማኋት።

ያን ማታ ደምበኛዬ ነው ብዬ ዝም አልኩ፣ እስካሁን ይቆጨኛል። እንቅልፍ ስላጣሁ በሶስተኛው ቀን ወረዳ ሄጄ አመለከትኩ፣ ልጁ አሁን እናቱ ጋ ነው።

በህጉ ከ15 አመት በታች ያለ ልጅ መቅጠር ክልክል ነው፣ ከ15 እስከ 18 ያለውም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሰራም፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ጭራሽ አይፈቀድም (አዋጅ 1156/2011)። ልጅን ጉልበቱን ለመበዝበዝ ወስዶ ማሰራት ደሞ በ1178/2012 አዋጅ ወንጀል ነው፣ ልጁ እሺ ብሎ ቢሄድም ያው ነው።

ግን አገር ቤት ያለች እናት አዋጅ አታነብም። እሷ ማድረግ የምትችለው የትምህርት ቤቱን ስም ጠይቃ አስተማሪውን ማናገር፣ ልጁ ውጪ ወጥቶ ከሰው ስልክ እንዲደውልላት ማድረግ፣ አዲስ አበባ ያለ ሌላ ዘመድ ሳይናገር ድንገት ቤቱ እንዲሄድላት መለመን ነው። "አታምኑኝም እንዴ" ብሎ የሚቆጣ ሰው ከሆነ ልጁን አትስጡት።

ጋዜጣችሁ እኛ ቀበሌ አይደርስም፣ ስለዚህ ለመስቀል የምትገቡ የጋሞ ልጆች ለእናቶቹ በቃል ንገሩልኝ፣ እኔም ዘንድሮ ገብቼ የሰፈራችንን ቤቶች አንድ በአንድ እዞራለሁ።