አምስተኛው ቲማቲም

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ይህን የምጽፍልሽ ለሌሊት ሥራ ልወጣ ስል ነው። አንቺ ተኝተሻል። የኩሽናው ጠረጴዛ ላይ የተውሽልኝን ወረቀት አየሁት። «አባዬ፣ ሐሙስ ማታ ቲማቲሙን አብረን እንምረጥ?» ይላል። በአማርኛ ስለጻፍሽው ደስ አለኝ። እኔም በአማርኛ ልመልስልሽ። ትንሽ ረዘም ይላል። ቀስ እያልሽ አንብቢው፤ ያልገባሽ ቃል ካለ እናትሽን ጠይቂያት።

አዎ፣ አብረን እንምረጥ። ግን ከዚያ በፊት ልነግርሽ የሚገባ ነገር አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሆዴ ውስጥ ይዤው ቆይቻለሁ።

ጌይተርስበርግ በሚካሄደው የእርሻ ትርዒት፣ ፌሩ ላይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አትክልት ያቀረብሽበትን ዓመት ታስታውሻለሽ። 12 ዓመትሽ ነበር። ፎር ኤች የሚባለው የልጆች ክበብ የገባሽው ጥንቸል ለማሳደግ ብለሽ ነው። እኔና እናትሽ ጥንቸሉን እምቢ ስንልሽ «እሺ፣ አትክልት» አልሽ። ማርች ላይ የእንቁላል ካርቶን ውስጥ ዘር ዘራሽ። ሳሎኑ መስኮት ሥር ደረደርሻቸው። ቡቃያው ወደ ብርሃኑ ሲያዘነብል ካርቶኑን በየቀኑ ታዞሪው ነበር። የሜሪላንድ ውርጭ አያስተማምንም ብለሽ እስከ ሜይ አጋማሽ ጠበቅሽ። የመጨረሻውን ሳምንት ችግኙን ጠዋት ታወጪያለሽ፣ ማታ ታስገቢያለሽ፤ ንፋሱንና ፀሐዩን ይልመድ ብለሽ። እኔ ከሥራ ስገባ አንቺ ችግኝ ስታወጪ በር ላይ እንገናኝ ነበር።

አንድ እሁድ ደግሞ ሳሎን ውስጥ አስቀምጠሽን ስለ ፎር ኤች አጀማመር ነገርሽን። በፈረንጆቹ 1902 ኦሃዮ፣ ክላርክ ካውንቲ ውስጥ ኤ. ቢ. ግራሃም የሚባል የትምህርት ቤቶች ኃላፊ የገጠር ልጆችን ሰብስቦ እንደጀመረው። ከስምንት ዓመት በኋላ ደቡብ ካሮላይና፣ ኤይከን ካውንቲ ውስጥ ማሪ ክሮመር የምትባል የገጠር አስተማሪ የሴት ልጆች የቲማቲም ክበብ እንዳቋቋመች። እያንዳንዷ ልጅ የኤከር አንድ አስረኛ መሬት ትይዛለች። ቲማቲም ትተክላለች፣ ትንከባከባለች፣ ምርቱን ቆርቆሮ ውስጥ አሽጋ ትሸጣለች። «ብሩ የራሷ ነው አባዬ!» አልሽኝ፣ ዓይንሽን አፍጥጠሽ። በ1910 አንዲት የገበሬ ልጅ በእጇ የራሷ ገንዘብ ሲኖራት ምን ማለት እንደሆነ ያኔ አንቺ ነሽ ያሳሰብሽኝ። እኔ እናቴን እያሰብኩ ነበር የምሰማሽ። የአያትሽ ጓሮ ከዚያ አይበልጥም ነበር። ጎመኑም፣ ቃሪያውም፣ ጤና አዳሙም፣ ጌሾውም እዚያው ነበር።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

መመሪያው አምስት ቲማቲም ይል ነበር። አምስቱም አንድ ዝርያ፣ አንድ መጠን፣ አንድ ቀለም፣ እኩል የበሰሉ። አንቺ ምን አደረግሽ? የኮርንፍሌክስ ካርቶን ቀደሽ መሐሉ ላይ ክብ ቀዳዳ ቆረጥሽ። ቲማቲሙን አንድ በአንድ በቀዳዳው ታሳልፊ ጀመር። ሰፍቶት የሚያልፈውን ወደ ግራ፣ አላልፍ የሚለውን ወደ ቀኝ። ልክ ነካ አድርጎት የሚያልፈውን ብቻ ጋዜጣው ላይ ታስቀምጫለሽ። 23 ቲማቲም ለቅመሽ ነበር። ከ23ቱ አምስት ለማግኘት ሁለት ሰዓት ፈጀብሽ። ከዚያ የራሳቸውን አረንጓዴ ኮፍያ በጥንቃቄ አነሳሽ፣ በግንዱ በኩል ደፋሻቸው፣ ደረቅ ጨርቅ ወስደሽ አቧራቸውን ጠረግሽ። «ውሃ አይነካቸውም፣ ዘይት አይቀባም» ብለሽ አስጠነቀቅሽኝና ተኛሽ።

እኔ ሥራ አልነበረኝም ያን ሌሊት። ሻይ ይዤ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጥኩ። አምስቱን አየኋቸው። ቆንጆ ናቸው፤ ግን ትንሽ መሰሉኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ አዘንኩልሽ። ልጄ አምስት ወር ሙሉ ለፍታ ይህን ይዛ ልትቀርብ ነው? አልኩ። ከጓሮው ጥግ ጎረቤታችን በሰጡን ችግኝ የበቀለው፣ ቢፍስቴክ የሚባለው ትልልቅ ቲማቲም ነበር። አንዱ የሁለት እጅ እፍኝ ያክላል። ባትሪ ይዤ ወጣሁና ቀጠፍኩት። ከአምስቱ አነስ ያለ የመሰለኝን አነሳሁና እሱን መሐል ላይ አስቀመጥኩት። ያነሳሁትን በእንጀራ በላሁት። ጠዋት እየተጣደፍሽ ነበር፤ እናትሽ ሳህኑን በፎጣ ሸፍናልሽ ይዛሽ ሄደች። አንቺ ሳታይው የፌሩ መመዝገቢያ ዴስክ ላይ ደረሰ።

እዚያ ስትገልጪው አይተሻል። እናትሽ ነግራኛለች። ዝም አልሽ አለችኝ። ወስጄ ሌላ ላምጣ ለማለት ጊዜ አልነበረም። ተራሽ ደርሶ ነበር።

ነጭ ሪባን መጣ። ከሪባኑ ጋር ዳኛዋ የጻፈችው ካርድ ነበር። አራቱ በጣም ጥሩ ናቸው፣ አምስተኛው ግን ከሌላ ዝርያ ነው ይላል። አንቺ ወረቀቱ ላይ «ሴሌብሪቲ» ብለሽ ዝርያውን ጽፈሻል። ሳህኑ ላይ ግን አራት ሴሌብሪቲና አንድ ቢፍስቴክ ነው ያለው።

እኔ ያኔ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። አንቺም አልጠየቅሽኝም። መኪና ውስጥ ያልሽው አንድ ነገር ነው። «በጨለማ ስለለቀምኩ ሳይምታታብኝ አልቀረም፤ ዓይኔ ነው» አልሽ። ከዚያ ወዲህ ስትለቅሚ ሁለቴ ነው የምታዪው። በእያንዳንዱ ተክል ላይ የዝርያውን ስም በማርከር ጽፈሽ እንጨት ተከልሽ። ሰው ሁሉ «እንዴት ጠንቃቃ ልጅ ናት» ይላል። እኔ ያን እንጨት ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይላወሳል። ዓይንሽ ምንም አልሆነም ነበር፣ ልጄ። እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ለምን እንዳደረግኩት ልንገርሽ፤ ማመካኛ እንዳይመስልሽ ግን። እኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ ትልቁ ነው የሚቀርበው። እናቴ ጎመን ስትቀነጥስ ሰፊ ሰፊውን ቅጠል ለእንግዳ ትለያለች። ገበያ ስትወጣም ከቁናው አናት ላይ ትልልቁን ድንች ነው የምትደረድረው። እኔ አትክልት ማሳየት ማለት ያ ነው ብዬ ነው የማውቀው። ልጄ ሰው ፊት ስትቀርብ ትንሽ እንዳትመስል ፈራሁ።

አምና ግን ከአንቺ ጋር ፌሩ ላይ ቆሜ ዳኞቹ ሲሠሩ ሰማሁ። አንቺ ባቄላሽን ስታስመዘግቢ፣ አጠገባችን አንድ ልጅ ቀይ ሽንኩርት ይዞ ቆሞ ነበር። ልጣጩን ልጦ ልጦ እንዲያብረቀርቅ አድርጎታል። ዳኛው ሽንኩርቱን አንስተው አገላበጡትና ለልጁ ረጋ ብለው አስረዱት። የውጩ ደረቅ ልጣጭ ልብሱ ነው፤ ክረምቱን የሚያሳልፈው እሱ ነው፤ አፈር የነካውን አንድ ብቻ ማንሳት ይበቃ ነበር አሉት። ከዚያ አንዱን ትልቅ ሽንኩርት ለብቻው አውጥተው አሳዩት። አንድ ተክል በአጋጣሚ ብዙ ውሃና ብዙ ፍግ አግኝቶ ሊገዝፍ ይችላል። አምስት እኩያ ለማውጣት ግን ዘሩን ማወቅ፣ እኩል ማራራቅ፣ እኩል ማጠጣት፣ መቼ እንደሚለቀም ማወቅ ያስፈልጋል። እኔ የማየው ያንተን እጅ ነው አሉት። እኔ ጎን ቆሜ ነው የሰማሁት። የካርቶንሽ ቀዳዳ ነው ትዝ ያለኝ።

ሌላም ነገር የገባኝ ያን ቀን ነው። እዚያ የልጆች ክፍል ውስጥ ሳህንሽ ከሌላ ልጅ ሳህን ጋር አይወዳደርም። ከመለኪያው ጋር ነው የሚተያየው። መለኪያውን ያሟላ ሁሉ ሰማያዊ ያገኛል፤ ጎደል ያለው ቀይ፣ ብዙ የጎደለው ነጭ። አሥሩም ልጆች ጥሩ ካቀረቡ አሥሩም ሰማያዊ ይዘው ይሄዳሉ። እንግዲህ ያን ዓመት ማንም አልበለጠሽም። ከራስሽ ላይ የቀነስኩብሽ እኔ ነኝ። ከእጅሽ የወጣው ሰማያዊ ነበር።

ያን ዓመት ጤና አዳምሽ ሰማያዊ ማግኘቱን ግን ረስተሽዋል፤ ልብ ብለሽ አላየሽውም ነበር። እኔ አይቻለሁ። ጠርሙስ ውስጥ በውሃ አቁመሽው፣ ከሥሩ «ጤና አዳም» ብለሽ በፊደል፣ ቀጥሎም ሩታ ቻሌፔንሲስ ብለሽ ጽፈሽ ነበር። አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ጎንበስ ብለው አሸተቱትና ምን ላይ እንደሚገባ ጠየቁሽ። «ቡና ላይ» አልሻቸው። እንደገና አሸተቱት። እናቴ ይህን ብታይ ብዬ አስቤ ነበር።

ዘንድሮ ጤና አዳሙን ስትቆርጪ ጓንት አድርጊ። ጭማቂው ቆዳ ነክቶ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፤ ውሃ ቋጥሮ ጠባሳ ይተዋል። ከተቻለ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ቁረጪው፣ እጅሽንም ወዲያው በሳሙና ታጠቢ። በሶብላውን ግን ማለዳ፣ ጤዛው እንደተነነ ነው መቁረጥ፤ ሽታው ያኔ ይበረታል። ደግሞ አበባው ሳይወጣ። አያትሽ ብትሆን አበባውን ጠብቂ ትልሽ ነበር። ለሽሮና ለበርበሬ የምታደርቀው አበባውን ከነዘሩ ነው። ለሳህኑ እንደ ዳኛዋ አድርጊ፣ ለአያትሽ ደግሞ ሁለት ተክል ሳትነኪ ተዪላት። አድርቀን እንልክላታለን።

ቃሪያውን ከነጉቶው። ጉቶውን በመቀስ እኩል እኩል አድርገሽ ቁረጪው፣ አትገንጥዪው። ባቄላውም ከነጫፉ። በለሱ ለፌሩ አይደርስም መሰለኝ፤ ስጫነው ገና ድርቅ ብሏል። ካልደረሰ አንነካውም።

ባለፈው ሳምንት ከዝናቡ በኋላ ሰባት ቲማቲም ትከሻው ላይ ተሰንጥቋል፤ አይቼዋለሁ። ሌሎች ሦስት ደግሞ ቂጣቸው ጠቁሯል። ውሃው አንድ ቀን በዝቶ አንድ ቀን ሲጠፋ ነው እንዲያ የሚሆነው፤ ካልሲየሙ ፍሬው ጫፍ ድረስ አይሄድለትም። ጁላይ ላይ ያጣሁትን እንቅልፍ ስከፍል ውሃውን ሁለት ቀን የረሳሁት እኔ ነኝ። አሁን ከሥሩ ጭድ ጎዝጉዤለታለሁ፣ ጠዋት ጠዋት ከሥራ ስመለስም አጠጣዋለሁ። ሌላ የደበቅኩሽ ነገር የለም።

ፌሩ እንደ ሁልጊዜው ፍልሰታ ላይ ዋለ። ጓደኞችሽ ያንን የተጠበሰ ኬክ ስኳር ነስንሰው ሲበሉ አንቺ ቆመሽ ማየትሽ ያሳዝነኛል። እናትሽ ዳቦ ቆሎ ታዘጋጅልሻለች፤ ለነሱም እንዲበቃ አብዝታ ትሥራው ብያታለሁ።

ሐሙስ እረፍት ወስጃለሁ። አንቺ ምረጪ፣ እኔ ባትሪውን እይዛለሁ። የኮርንፍሌክሱን ካርቶን አልጣልኩትም፤ ጋራዡ ውስጥ ከዘር ፓኬቶቹ ጋር በላስቲክ አስሬ አስቀምጬዋለሁ። ጠርዙ ትንሽ ስለተቀደደ በስኮች አያይዤዋለሁ፤ ቀዳዳው ግን እንዳለ ነው። በማስመሪያ ለክቼዋለሁ። ማታ ምናልባት ብርሃኑ ካልበቃሽ ተዪው፣ ማለዳ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ቀስቅሽኝና አብረን እንወርዳለን።

ስትነሺ ይህን ካነበብሽው በኋላ ብትቆጪኝም ደውዪልኝ። ስልኬን አላጠፋም።

አባትሽ