ለአንኮበር የመስታወት ሥዕል ማሳያ የድጋፍ ጥሪ

እጅግ የተከበሩ የዓለም ሎሬት ሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ በ1925 ዓ.ም. የተወለዱት አንኮበር ነው። ታላቁ የመስታወት ሥዕላቸው ግን ያለው አዲስ አበባ፣ የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ 150 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው፣ በሦስት ተከፍሎ የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ የሚያሳይ ሥራ። ሕንፃውን የነደፈው ጣሊያናዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ ሲሆን የተመረቀው በ1953 ዓ.ም. ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የተፈረመው እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ወደ 57 ሚሊዮን ዶላር በጀት ይዞለት ታድሶ፣ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ዳግም ተከፍቷል።

አዳራሹስ ባለቤት አለው። እኛ እጃችንን የምንዘረጋው ለአንኮበር ተማሪዎች ነው። የአዳራሹን ታሪክ ከፎቶግራፍ ጋር የሚያሳይ አንድ ግድግዳ፣ ከጎኑም 60 በ90 ሴንቲሜትር የሆነ እውነተኛ የመስታወት ሥዕል በትምህርት ቤት ውስጥ ልናቆም ነው። «ባነር አሳትማችሁ ብትሰቅሉ አይበቃም ወይ?» ያሉን አሉ። አይበቃም። የመስታወት ሥዕል ቀለሙ የሚታየው ብርሃን ሰንጥቆት ሲያልፍ ነው፤ ወረቀት ያንን አያሳይም። የሎሬቱን ሥራ አንቀዳም፤ ሥዕሉ የገብስ ዛላና የአንኮበር ተራራ ይሆናል።

ሥራው የሚጀምረው በልኩ ከተሳለ ወረቀት ነው። ቁርጥራጮቹን ግራና ቀኝ ባሉት ቦዮች ይዞ የሚያያይዘው የእርሳስ (የማዕድኑ) ዘንግ በሁለቱ ቦዮች መሐል 2 ሚሊሜትር ገደማ ስለሚወፍር፣ መስታወቱ የሚቆረጠው ያንን ቀንሶ ነው። ይህ ከተዘነጋ በአንድ ረድፍ 8 ቁራጭ ሲሰካ ሥዕሉ ከ1 ሴንቲሜትር በላይ ሰፍቶ ከክፈፉ ይተርፋል። ወደ ውስጥ የጎበጠ ቅርጽ ሲቆረጥ ቶሎ ይሰበራል፤ ስለዚህ ከሚያስፈልገው ሲሶ ያህል ትርፍ መስታወት እንፈልጋለን፣ በተለይ ቀይ፤ ዋጋው ከሁሉም ይብሳል።

ብየዳው ላይ ሁለት ነገር ያስቸግራል። የዘንጉ ፊት ከጠቆረ ብየዳው አይይዝም፤ በሽቦ ብሩሽ መፈግፈግ አለበት። መበየጃው ከመጠን በላይ ከጋለ ደግሞ ዘንጉ ራሱ ይቀልጣል፤ እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈሳል። እርሳስ መርዝ ስለሆነ ብየዳው አዋቂዎች ብቻ፣ ጓንት አድርገው፣ መስኮት ከፍተው የሚሠሩት ነው። ተማሪዎቹ በሥዕሉና በቀለም ምርጫው ይሳተፋሉ።

ቀጥሎ ክፍተቱ በተልባ ዘይትና በጠመኔ ዱቄት በተለወሰ ስቱኮ ይደፈናል፣ ትርፍ ዘይቱ በሰጋቱራ ይጠረጋል። ሲሊኮን እንድንጠቀም የመከሩን አሉ፤ ይፈጥናል፣ ግን አንድ ቁራጭ ሲሰበር ነቅሎ መቀየር ያስቸግራል። ስቱኮው እስኪጠነክር ሥዕሉ በጀርባው ተኝቶ ሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ በአንኮበር ብርድ ከዚያም ሊረዝም ይችላል። ከኋላው በመዳብ ሽቦ የሚታሰር ቀጭን ብረት ይደገፍበታል፣ አለዚያ በክብደቱ ብዛት ቀስ በቀስ ይጎብጣል።

የሚያስፈልገን፦ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ባለቀለም መስታወት ከ1 ካሬ ሜትር ያላነሰ፣ 20 ሜትር የእርሳስ ዘንግ፣ 1 ኪሎ የብየዳ እርሳስ፣ ሁለት የመስታወት መቁረጫ፣ አንድ መበየጃ፣ የጽድ ጣውላ ለክፈፉ፣ ለግድግዳው ማሳያ የኅትመት ወጪ። በአናጢነት ወይም በኤሌክትሪክ ሙያ በነፃ የምታግዙን ብትገኙ ከገንዘብ አናሳንሰውም። በጥሬ ገንዘብ የምትረዱ ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትስጡ። በፕላስቲክ ተለጣፊ ቀለም የተቀባ መስታወት ግን አትላኩልን፤ ፀሐይ ያደበዝዘዋል።

ከአዲስ አበባ ወይም ከደብረ ብርሃን መስታወት የምትልኩ ወገኖቻችን፣ በጠርዙ አቁማችሁ፣ በየመሐሉ ካርቶን አድርጋችሁ እሰሩት እንጂ አታስተኙት። የእርሳስ ዘንጉንም አታጥፉት፤ እንደ ክብ ጠቅልላችሁ ስጡት፣ እኛው አቃንተን እንጠቀምበታለን።